ከመዝገብ ወደ ስልክ፦ የወረዳ የእንስሳት በሽታ ሪፖርትን ዲጂታል ማድረግ

ፍየል አርቢው «አምስት ፍየሎቼ ዓይናቸውም አፍንጫቸውም ይዝረበረባል፣ ያስቀምጣቸዋል» ብሎ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ረዳት ይናገራል። ረዳቱ በመዝገብ ያሰፍረዋል። ወር ሲያልቅ መዝገቡ ተደምሮ ወረዳ ይገባል፤ ወረዳው ከሌሎች ቀበሌዎች ጋር ደምሮ ለዞን፣ ዞኑ ለክልል ይልካል። ክልል ሲደርስ «የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ፣ 1 ወረርሽኝ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል። እስከዚያ የታመመው መንጋ ሁለት ሦስት የገበያ ቀን አልፎታል።

ይህን መንገድ በስልክ ማሳጠር ይቻላል። ሥራው የወረዳው የእንስሳት ጤና ቡድንና የዞን አስተባባሪው ነው፤ የፕሮግራም አዋቂ አይፈልግም። ነገር ግን መረጃው ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ በየትኛውም መተግበሪያ ቢሠራ አይዘልቅም። የላከው ናሙና ውጤት ያልተነገረው ረዳት ከጥቂት ወራት በኋላ ሪፖርቱን ለይስሙላ መሙላት ይጀምራል፤ አይፈረድበትምም። ስለዚህ ፎርም ከመንደፋችሁ በፊት መልሱን ማን፣ በስንት ቀን፣ በምን መንገድ እንደሚመልስ በአንድ ገጽ ጻፉ። በገጹ ላይ የሥራ መደብና ስልክ ቁጥር ከሌለ መልስ የሚሰጥ የለም ማለት ነው።

አዲስ ከመሥራት በፊት

በአገሪቱ ሁለት ሥርዓቶች ተዘርግተዋል። ዶቫር ወርሃዊ የወረርሽኝና የክትባት ሪፖርት የሚገባበት ነው፤ አድኒስ ደግሞ በሽታ ሲከሰት ከመስክ በስማርት ስልክ ወዲያው ለማሳወቅ የተሠራ ነው። ወረዳችሁ ከእነዚህ ውስጥ ካለ ሦስተኛ አትጨምሩበት። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሥልጠና፣ የጠፋ የይለፍ ቃል ወይም የኢንተርኔት ጥቅል ገንዘብ ነው፤ እሱን መሙላት አዲስ ነገር ከመፍጠር ይረክሳል። የራሳችሁን ፎርም መሥራት የሚያዋጣው ለውስጥ ሥራ ነው፦ ለክሊኒኩ ዕለታዊ ሕክምና፣ ለመድኃኒት ገቢና ወጪ፣ ከማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ለሚመጣ ጥቆማ። ያኔም የበሽታና የቦታ ኮዶቹን ከላይኛው ሥርዓት ቅዱ። ኮዱ ከተለያየ በኋላ ማስታረቁ ወራት ይበላል።

ለውስጥ ሥራው ኮቦ ቱልቦክስ ወይም ኦዲኬ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ይበቃል። ሁለቱም በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሞላሉ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ይልካሉ። ፎርሙ በኤክሴል ይዘጋጃል፤ አንድ ገጽ ለጥያቄዎች፣ አንድ ገጽ ለምርጫዎች፣ አንድ ገጽ ለቅንብር። ለአንድ የወረርሽኝ ሪፖርት ከ20 እስከ 25 ጥያቄ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ረዳቱ ሜዳ ላይ በማስታወሻ ደብተር ይዞ ማታ ቤቱ ይሞላዋል፤ ያኔ ስልኩ የሚመዘግበው የመገኛ ነጥብ (ጂፒኤስ) የቤቱ ነው የሚሆነው።

ቀኑን ያስተካከለ ግማሹን አስተካከለ

ትልቁ የስህተት ምንጭ የዘመን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን «05/13/2016» ብላችሁ ኤክሴል ላይ ጻፉ። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተዘጋጀ ከሆነ ሜይ 13 ቀን 2016 አድርጎ ይቀበለዋል፤ አያስጠነቅቅም፣ ቀይ አያበራም። መጀመሪያ ቀን በሚጻፍበት ኮምፒውተር ጥቅምት 30ን «30/02/2017» ብትሉት ደግሞ 30 ቀን ያለው ፌብሩዋሪ ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። በቀን ስትደረድሩ ያ መስመር መጨረሻ ላይ ይወሸቃል፣ በየወሩ ስትደምሩ ይጠፋል። በዓመቱ መጨረሻ «የጥቅምት ቁጥር ለምን አነሰ?» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በኦዲኬና በኮቦ የስልክ መተግበሪያ የቀን ጥያቄ ላይ «አፒራንስ» (appearance) በሚባለው ዓምድ «ኢትዮጵያን» (ethiopian) የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትናንሽ ሆሄያት፣ ስትጽፉ ሠራተኛው መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ይመርጣል፤ መተግበሪያው ግን በፈረንጅ ቀን ያስቀምጠዋል። ልብ በሉ፣ ይህ በድረ ገጽ ላይ በሚከፈተው ፎርም አይሠራም። በላፕቶፕ የሚሞላ ሰው ካለ ፎርሙ የፈረንጅ ቀን ያመጣበታል፤ ስለዚህ ሁሉም በስልክ እንዲሞላ አድርጉ። በእጅ መመንዘርን ተዉት። የ2016 መስከረም 1 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ነበር፤ የ2017ቱና የ2018ቱ 11 ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ቁጥር አንድ ቀን ይዛነፋል፣ ይህን ደግሞ በሥራ መሀል የሚያስታውስ የለም።

ሰዓትም እንዲሁ። «ጠዋት 3 ሰዓት» በስልኩ 9፡00 ነው። የሰዓት ጥያቄ ከፎርሙ አውጡ፤ ፎርሙ የተከፈተበትንና የተዘጋበትን ሰዓት ስልኩ ራሱ ይመዝግበው። ለዚህ የስልኩ ቀንና ሰዓት ከኔትወርክ የሚወሰድ መሆን አለበት። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ያለቀ ርካሽ ስልክ ሲበራ ዓመታት ወደኋላ የሄደ ቀን ይዞ ሊነሣ ይችላልና ከመስክ በፊት ማየት ነው።

ሦስት ቀኖችን ለየብቻ ጠይቁ፦ የመጀመሪያው እንስሳ የታመመበት፣ ባለቤቱ የነገረበት፣ ባለሙያው ቦታው ላይ ደርሶ ያየበት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት አርቢው ምን ያህል እንደሚያምናችሁ ይናገራል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው የሞተር ብስክሌትና የነዳጅ ጉዳይ ነው። አንድ «የሪፖርት ቀን» ብቻ ከያዛችሁ ሁለቱን መለየት አትችሉም።

የበሽታ ስም

«አባ ሰንጋ»፣ «አባሰንጋ»፣ «አባ ሠንጋ»፤ ለሰው አንድ በሽታ ነው፣ ለኮምፒውተር ሦስት። ከሞክሼ ፊደሎቻችን የተነሳ በነጻ የሚጻፍ የበሽታ ስም ሊደመር አይችልም። ስለዚህ ምርጫ ይሁን፤ ከበስተጀርባው በየቋንቋው የማይለወጥ አንድ ኮድ ይኑረው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማልኛ ወይም በአፋርኛ የሚታየው ስም ይለያይ፣ ኮዱ አንድ ይሁን።

የአገር ቤት ስሞች ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ በአርቢው አፍ ግን ይቀያየራሉ። «ደስታ» የሚለውም ሌላ ጣጣ አለው፦ የከብቶቹ የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውጇል፤ በበግና በፍየል ላይ ያለው «ደስታ መሰል» ግን አለ። ምርጫው ውስጥ «ደስታ» ብቻ ተብሎ ከተቀመጠ አንድ ቀን «በከብት ላይ ደስታ» የሚል ሪፖርት ወጥቶ አገር ያሸብራል። የምርጫ ዝርዝሩ በእንስሳው ዓይነት ይጣራ፤ ዶሮ የመረጠ ሰው ፈንግል ይምጣለት እንጂ የዳልጋ ከብት ሳምባ አይምጣለት።

የማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ በሽታ አይምረጥ። የሚያየውን ምልክት ይምረጥ፦ ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ደም የወጣ፣ አፉ ቆስሎ የሚያነክስ፣ የሚያስል፣ የሚያስወርድ፣ የሚያስቀምጠው፣ ሰው የነከሰ ውሻ። ከእያንዳንዱ ጎን ሥዕል ይኑር። ስያሜ መስጠት የባለሙያው ሥራ ነው። የባለሙያውም ቢሆን ላቦራቶሪ እስኪያረጋግጥ «ጥርጣሬ» ነው፣ ይህንንም የሚለይ ጥያቄ ያስፈልጋል።

ዲጂታል ፎርም ወረቀት የማይችለውን አንድ ነገር ያደርጋል። ሠራተኛው «ድንገተኛ ሞት ከደም ጋር» ሲነካ ቀጣዩ ገጽ «እንስሳውን አትክፈቱ፣ አትግፈፉ፣ ሥጋው አይበላ፣ አሁኑኑ ለወረዳው ደውሉ» ይበል። ከሁሉም ጥያቄዎች ይህቺ ማስጠንቀቂያ ትበልጣለች።

ቁጥሩ ሲሳሳት

የሚጠየቁት ሦስት ናቸው፦ በመንጋው ያለው፣ የታመመው፣ የሞተው። ችግሩ «የታመመው» ላይ ነው። የሞቱት መጀመሪያ ታመዋልና በታመሙት ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ብዙ ሠራተኛ ግን አሁን ታሞ የቆመውን ብቻ ይጽፋል። 120 በጎች ካሉበት መንጋ 30 ታመው 9 ቢሞቱ፣ የታመመው 25 በመቶ ነው፣ ከታመሙት የሞተው 30 በመቶ። ረዳቱ የሞቱትን ቀንሶ 21 ቢጽፍ ግን የታመመው ወደ 17.5 በመቶ ይወርዳል፣ ከታመሙት የሞተው ወደ 43 በመቶ ይወጣል። ቀለል ያለ በሽታ ገዳይ መስሎ ይታያል። ጥያቄውን «እስከ ዛሬ የታመሙ በጠቅላላ፣ የሞቱትን ጨምሮ» ብላችሁ ጻፉት፤ ከሞተው ቁጥር ያነሰ ከተጻፈ ፎርሙ አያሳልፍ።

ከዚህ በላይ ግን «የግድ» የሚሉ ጥያቄዎችን አታብዙ። ፎርሙ ካልተሞላ አላልፍም ባለ ቁጥር ሰው ቁጥር ይፈጥራል። ዕድሜ፣ የመጨረሻ ክትባት ቀን፣ የመንጋው ብዛት ላይ «አይታወቅም» የሚል ምርጫ ይኑር። ከፈጠራ ቁጥር ባዶ ቦታ ይሻላል።

የዜሮ ሪፖርትም አትርሱ። ቀበሌው ዝም ካለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ በሽታ የለም፣ ወይም ስልኩ ተሰብሯል። በየሳምንቱ «በዚህ ሳምንት ምንም አልታየም» የምትል ሁለት ጥያቄ ያላት ለብቻዋ የቆመች ፎርም ይህን ትለያለች።

ቦታና መለያ ቁጥር

«ቀበሌ 01» በአገሪቱ ስንት አለ? ስለዚህ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ አንዱ ሌላውን የሚያጣራ ምርጫ ይሁን። የቆየ መረጃ ካላችሁ የአስተዳደር ለውጡን አትዘንጉ፦ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 መጨረሻ ክልል ሆነዋል። በድሮ ኮድ «ደቡብ» የተባለ መስመር ዛሬ አራት ክልል ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የድሮውን ኮድ አታጥፉ፤ ከጎኑ አዲሱን ጨምሩ።

የመገኛ ነጥብ ሲወሰድ ከቤትና ከዛፍ ጥላ ወጥቶ ስህተቱ 10 ሜትር እስኪወርድ መጠበቅ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ስልኩ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል፤ ሠራተኛው ይህን ካላወቀ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል። ቁጥሩ በእጅ በሚገባበት ቦታ ደግሞ ማጥመጃ አለ፦ ኢትዮጵያ በኬክሮስ ከ3 እስከ 15፣ በኬንትሮስ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ውስጥ ናት። ሁለቱ የቁጥር ክልሎች ስለማይነካኩ የተገለበጠ ነጥብ ወዲያው ይያዛል።

ለእያንዳንዱ ወረርሽኝ አንድ መለያ ቁጥር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የክትትል ጉብኝቱ እንደ አዲስ ወረርሽኝ ይቆጠራል። ተራ ቁጥር ብቻ አይበቃም። ሁለት ሠራተኞች ያለ ኔትወርክ ሲሠሩ ሁለቱም «6» ይላሉ። የወረዳ ኮድ፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ ዓመት፣ ተራ ቁጥር እያላችሁ ብትሠሩ (ለምሳሌ 0307-14-18-006) አይጋጭም።

ናሙናው ከሪፖርቱ እንዳይለያይ

ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም ሆነ እንደ ኮምቦልቻና ባሕር ዳር ያሉት የክልል ላቦራቶሪዎች ጋ የሚደርስ ናሙና ብዙ ጊዜ የሚቸገረው ከመስክ ሪፖርቱ ጋር መገናኘት ስለማይችል ነው። ቱቦው ላይ «ፍየል 3» ተጽፏል፤ የማን ፍየል?

ባርኮድ ያላቸው ተለጣፊዎችን እያንዳንዱን ቁጥር ሦስት ሦስት አድርጋችሁ አሳትሙ፦ አንዱ ቱቦው ላይ፣ አንዱ አብሮ በሚሄደው ወረቀት ላይ፣ አንዱ በጤና ኬላው መዝገብ ላይ። ስልኩ በካሜራው ያነበዋል፣ ቁጥር በእጅ አይጻፍም። ተለጣፊው ከሌለ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ በማርከር የተጻፈውም በአልኮል ሲጠረግ ይለቃል፣ ጽሑፉን በግልጽ ፕላስተር ሸፍኑት። አብሮ የሚላከው ወረቀት በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ በረዶው ሲቀልጥ ርሶ የማይነበብ ወረቀት ስንት ናሙና አስጥሏል። ናሙናው የተላከበት መኪና፣ የተነሣበት ቀንና ተቀባዩ በዚያው ፎርም ይግቡ። ላቦራቶሪው «ደርሶኛል» ብሎ እስካልመለሰ ድረስ ናሙናው መንገድ ላይ ነው።

ክትባት

እዚህ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። የባች ቁጥር፣ የማብቂያ ቀን፣ ወጪ የሆነ ዶዝ፣ የተከተበ እንስሳ፣ የተጣለ ዶዝ። 100 ዶዝ የያዙ 30 ጠርሙሶች ወስዶ 3,400 ከተባ የሚል ሪፖርት አይሆንም። ከ3,000 ዶዝ ልክ 3,000 ከተባ የሚልም ይጠረጠራል፤ የተበጠበጠ ክትባት ተርፎ ለነገ አይቀመጥም፣ መንጋም በመቶ ተከፋፍሎ አይመጣም። የማቀዝቀዣው ሙቀት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑ ጠዋትና ማታ የሚመዘገብበት አንድ ጥያቄም አክሉ። ክትባቱን ያመረተው የቢሾፍቱው ተቋም ቅሬታ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው የባች ቁጥሩን ነው።

መልሱ

ሪፖርት በገባ በዚያው ቀን ወረዳው «ደርሶናል፣ ነገ እገሌ ይመጣል» ይበል፤ አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ ወረዳ ላይ አይቁም፤ ናሙናውን ለወሰደው ረዳት፣ በእሱም በኩል ለባለቤቱ ይድረስ፤ ውጤቱ «አልተገኘም» ቢሆንም እንኳ። ሰኞ ሰኞ ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ የሳምንቱን ካርታ እዩ፦ ማን ዜሮ ላከ፣ ማን ምንም አልላከም፣ የትኛው ናሙና አልተመለሰም።

ወደ ጎን የሚሄደው መረጃ ከሁሉ የሚዘነጋው ነው። እንስሳ የሚሄደው በዞን መዋቅር አይደለም፣ በገበያና በውኃ መንገድ ነው። ከአጎራባች ወረዳዎች ጋር፣ በተለይ ሌላ ዞን ወይም ክልል ውስጥ ካሉት ጋር፣ ጥርጣሬን ለመለዋወጥ በደብዳቤ ተስማሙ። መልእክቱ እንዲህ ይሁን፦ «ከ02 ቀበሌ በፍየል ላይ ተቅማጥና የዓይን ፈሳሽ ታይቷል፤ ገና አልተረጋገጠም። ቅዳሜ ገበያ ዓይኑ የሚያፈስ ፍየል ካያችሁ ለዩና ደውሉ።» የባለቤት ስም የለበትም፣ በሽታውንም አልደመደመም።

ቴሌግራም ለዚህ ዓይነቱ ማንቂያ ጥሩ ነው። መዝገብ ግን አይሆንም፤ አይደመርም፣ ፎቶውም እንደ ተራ ሥዕል ሲላክ ቦታውንና ቀኑን የያዘው መረጃ ከውስጡ ይወጣል። ወደ ሰው ለሚተላለፉት ለአባ ሰንጋና ለእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ አንድ ተጠሪ ይኑር፤ ሪፖርቱ ለሁለቱም ወገን በአንድ ቀን ይድረስ።

የባለቤቱ ስምና ስልክ የግል መረጃ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይጠበቃል። ካርታና ሰንጠረዥ ስታጋሩ እነዚህን ዓምዶች አውጡ፣ የመገኛ ነጥቡንም ወደ ቀበሌው መሀል አዙሩት። መንጋው የት እንዳለ በትክክል የሚያሳይ ካርታ ለሌባም ይጠቅማል።

ስልኩ፣ ወረቀቱና ርክክቡ

ፎቶ በፎርሙ ውስጥ እስከ 1024 ፒክሰል ይገደብ፤ 3 ሜጋባይት የነበረው ወደ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ይወርዳል፣ በደካማ ኔትወርክም ያልፋል። የስልኩ ማያ መቆለፊያ ይኑረው። መብራት ለሌለበት ጤና ኬላ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ፓወር ባንክ ከትንሽ የፀሐይ ፓነል ጋር የመስክ ሳምንትን ያሻግራል።

ወረቀትና ስልክ ጎን ለጎን ሁለት ወር ይሂዱ፤ የወረቀቱ ማብቂያ ቀን ግን ከመጀመሪያው ይታወቅ። ዞኑ ወረቀት እስካሁን ከፈለገ ከሥርዓቱ አትሙለት፤ ሠራተኛውን ሁለቴ አታስሞሉት። ሁለቴ የሚሞላ ሰው የሚተወው አዲሱን ነው። የድሮ መዝገቦችን ሁሉ ለማስገባት አትሞክሩ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት ወረርሽኞች ብቻ ይበቃሉ።

ሠራተኛ ሲዛወር ስልኩን ከመረከባችሁ በፊት መተግበሪያውን ከፍታችሁ «ያልተላኩ» የሚለው ዜሮ መሆኑን እዩ። ዜሮ ካልሆነ እዚያው አስልኩ፣ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ስልኩ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ከተመለሰ ያልተላከው ሁሉ አብሮ ይጠፋል።